ፓርኪንግ ውስጥ ወደ ኋላ ስትወጣ ለተጋጨችው እህቴ

እህቴ፣ እንኳን ሰው አልተጎዳ። «እሁድ አሞራ ገደል አካባቢ አቁሜ ወደ ኋላ ስወጣ፣ ሌላ መኪናም ከማዶ ወደ ኋላ እየወጣ ነበር፤ ተጋጨን። ሰውየው ጥፋቱ ያንቺ ነው ይላል። ምን ላድርግ?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሐዋሳ ውስጥ 14 ዓመት ነድቻለሁ፤ እኔም ደርሶብኛል።

ወደ ኋላ የሚሄድ ሹፌር መንገዱ ነፃ መሆኑን ማረጋገጥ አለበት። እዚህ ግን ሁለታችሁም ወደ ኋላ ስትሄዱ ነበር። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2084 ላይ፣ ሁለት መኪኖች ሲጋጩ ሁለቱም ለአደጋው እኩል ምክንያት እንደሆኑ ይቆጠራል። ጠቅላላው ጉዳት ይደመርና ባለንብረቶቹ ግማሽ ግማሹን ይሸከማሉ። ይህ የሚቀረው አደጋው በሙሉ ወይም በአብዛኛው በአንደኛው ሹፌር ጥፋት መድረሱ ከተረጋገጠ ነው። «ከተረጋገጠ» የምትለዋን ቃል ያዢልኝ።

እኔን የጎዳችኝ ይህች ቃል ናት። አንድ ሆቴል ግቢ ውስጥ ስወጣ የሌላ ሰው መኪና ፓራውልት ነካሁ። ከኋላችን ክላክስ በዛ። ሰውየውም «ችግር የለም፣ ነገ ጋራዥ እንገናኝ» አለኝ። መኪኖቹን አነሳን። ፎቶ የለ፣ ወረቀት የለ። በማግስቱ የፊት መብራቱና ራዲያተሩም ተጨምረው ጠበቁኝ። ኢንሹራንስ ስሄድ መጀመሪያ የጠየቁኝ የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ነበር። አልነበረኝም። ሁሉንም ከኪሴ ከፈልኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሰው ከተጎዳ ድርድር የለም፤ ወዲያው ሕክምናና ፖሊስ ነው። ሰው ካልተጎዳ፣ ማንም ቢጮህ መኪናሽ ከመነሳቱ በፊት ፎቶ አንሺ። ሁለቱ ታርጋዎች ይታዩ፤ ጎማዎቹ ወዴት እንደዞሩ ይታይ፤ ራቅ ብለሽም ግቢውን በሙሉ አንሺው። የሰውየውን መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ፎቶ አንሺ። የጥበቃውንም ስልክ ተቀበይ። ካልተስማማችሁ ትራፊክ ይጠራ፤ መጥቶ ፕላን (የአደጋውን ንድፍ) ያንሳ። ከተስማማችሁ ደግሞ የተጎዳው ክፍል በስሙ፣ ገንዘቡ በቁጥር ይጻፍ። «ከዚህ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ይግባበት፤ ሁለት ምስክሮችም ይፈርሙ። ግን ኢንሹራንስሽን ሳታማክሪ «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለሽ አትፈርሚ።

በአዋጅ 799/2005 ሁሉም መኪና የሚገባው የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ በሌላው ላይ ያደረስሽውን ጉዳት ነው የሚሸፍነው። የራስሽን መኪና አያሠራልሽም፤ ለዚያ ሙሉ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ከተጋጨ በኋላ ነው።

ስለ መንስኤው ካነሳን፣ እኔ ደጋግሜ ያየሁት ሹፌሩ ዓይኑን ለፓርኪንግ ልጆች ሲያስረክብ ነው። «ና! ና! ና!» የሚልሽ ልጅ የሚያየው ያንቺን ፓራውልት ነው። ከጎን የምትመጣውን ባጃጅ አያያትም። እኛ ከተማ ደግሞ ብስክሌት አለ፤ ድምፅ የለውም። ሐይቅ ዳር ማታ ማታ ፀሐይዋ በሐይቁ በኩል ስትጠልቅ፣ ጀርባሽን ለውሃው ሰጥተሽ ካቆምሽ ስፖኪዮው ያበራል እንጂ አያሳይም። ታኅሣሥና ሐምሌ 19 ለገብርኤል ንግሥ ከተማዋ ስትሞላማ ሕፃናት በመኪኖች መሀል ይሽሎከለካሉ። ቁመታቸው ከኋላ መስታወትሽ በታች ነው። ሳልወጣ በፊት ወርጄ መኪናዬን አንዴ የምዞረው ለዚህ ነው። ሲመችሽ ደግሞ ስትደርሺ ወደ ኋላ እየነዳሽ ገብተሽ አቁሚ። ያኔ ስትወጪ ፊት ለፊትሽን እያየሽ ትወጫለሽ።

አንቺ አሁንም አልረፈደብሽም። ዛሬውኑ ለትራፊክ ፖሊስም ለኢንሹራንስሽም አሳውቂ። ወደ ቦታው ተመለሽና እሁድ ተረኛ የነበረውን ጥበቃ ፈልጊው፤ ያየውን ይነግርሽ ይሆናል። ኢንሹራንሱ ሳያየው መኪናሽን ባትላሜራ ቤት አታስገቢ። የውልሽን ፎቶ በውስጥ መስመር ከላክሽልኝ አብረን እናነበዋለን።