ታንኳዬ ለምን ጭቃ መሰለ?

ጥያቄ፦ ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ የደንገል ታንኳ በእርሳስ እሥላለሁ። ቅርጹ ብዙም አያስቸግረኝም። ጥላውን በጣቴ ሳሻሸው ግን ደንገሉ የጭቃ ክምር ይመስላል፤ ውሃውም እንደ ሲሚንቶ ወለል ድርቅ ይላል። ያለኝ ኤችቢ እርሳስና የፎቶ ኮፒ ወረቀት ነው። ምን ላድርግ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ጥፋቱ ከጣትዎ ይጀምራል። የጣት ወዝ ግራፋይቱን (የእርሳሱን ጥቁር ዱቄት) ወረቀቱ ላይ ስለሚለጥፈው በላጲስ ቢያጠፉትም ግራጫ እድፍ ይቀራል። ማሻሸት የጭረቱንም አቅጣጫ ያጠፋል፤ ደንገልን ደንገል የሚያስመስለው ደግሞ ያ አቅጣጫ ነው። ለጠዋት ጉምና ለደመና ማሻሸት ያምራል፣ ያውም በተጠቀለለ ሶፍት እንጂ በጣት አይደለም።

ታንኳው የደንገል እስሮች ጥምር ነው፤ እያንዳንዱ እስር እንደ ቧንቧ ድቡልቡል ነው። መጀመሪያ በኤችቢ የእስሩን ኩርባ እየተከተሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ረጃጅም ጭረት ይጫሩ፤ በመካከላቸው ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይተዉ። ሁሉም እኩል አይሁን፤ አንዳንዱ መሐል ላይ ይቋረጥ። ከዚያ ሁለት እስር የሚገናኙበትን ስርጓዳ ብቻ በ2ቢ፣ ማለትም ከኤችቢ ለስለስና ጠቆር ባለ እርሳስ፣ ያጥቁሩ። ፀሐይ የሚያርፍበትን የእስሩን ጀርባ አይንኩት፣ ወረቀቱ ነጭ ይሁን። ማሰሪያው የሚዞርበት ላይ ግን ጭረቱ እስሩን አቋርጦ እንደ ቀስት ይጉበጥ፤ ድቡልቡልነቱን ለዓይን የሚነግረው ይህች አጭር ቀስት ናት። በመጨረሻ በጥላው ወገን ሁለተኛ ዙር ጭረት በመጀመሪያው ላይ ይደርቡ፣ 30 ዲግሪ ያህል አዘንብለው። በ90 ዲግሪ ካቋረጡት ወንፊት ይሆንብዎታል።

ለማጥቆር ብለው አይጫኑ። የወረቀቱ ሸካራነት ይደፈጠጥና ግራፋይቱ ያብለጨልጫል፤ ከዚያ ወዲያ እርሳስ አይቀበልም። ኤችቢ የሚፈልጉትን ጥቁረት አይሰጥም፣ 2ቢና ከእሱም የሚጠቁረውን 4ቢ ይግዙ። የፎቶ ኮፒ ወረቀትም ልሙጥ ስለሆነ ብዙ ዙር አይሸከምም፤ ሸከር ያለ የሥዕል ወረቀት ይፈልጉ።

ውሃው ላይ ጥላና ነጸብራቅ የተምታቱብዎት ይመስለናል። ጥላ ከፀሐይ በተቃራኒ ይወድቃል፤ ነጸብራቅ ግን ፀሐይዋ የትም ትሁን ከታንኳው ሥር ቀጥ ብሎ ወደ እርስዎ ይወርዳል። በአግድም ጭረት ይሥሩት፦ ታንኳው ሥር ጥቅጥቅ ያለ፣ ወደ እርስዎ ሲቀርብ የተበጣጠሰ። የታንኳው ጨለማ ወገን ውሃው ውስጥ ትንሽ ነጣ፣ ብሩሁ ወገን ትንሽ ጠቆር ይላል። ደግሞ በ6 ሰዓት ፀሐይ አናት ላይ ስለሆነች የጎኑ ጥላ ይጠፋል፤ ጠዋት 2 ሰዓት ወይም ከቀኑ 11 ሰዓት ይሂዱ።

ጥያቄ፦ በኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይ ያሉት ቅዱሳን መሬት ላይ የወደቀ ጥላ የላቸውም፤ ግን ያምራሉ። ታዲያ ጥላ የግድ ነው? (ከዘጌ)

መልስ፦ አይደለም። እዚያ ሥራውን የሚሠራው ጥቁሩ የዙሪያ መስመርና ወጥ ሆኖ የተቀባው ቀለም ነው፤ የልብሱ እጥፋት እንኳ በመስመር ይነገራል። በዚያ መንገድ መሣል ከፈለጉ መስመሩን ያጠንክሩና ጥላውን ይተዉት። ሁለቱን ሲቀላቅሉ ነው ችግሩ፦ በጭረት ጥላ በተሠራ ታንኳ ዙሪያ ወፍራም መስመር ከጨመሩ፣ ታንኳው ከሌላ ወረቀት ተቀድዶ ውሃው ላይ የተለጠፈ ይመስላል።