ፕሪንተሩን ከማስቀመጣችሁ በፊት አየሩን ተከተሉት

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት የሕንፃ አየር ማናፈሻ ስሠራ ነው። አሁን ሥራ ለጀመራችሁም፣ ነገ ቢሮ ለምታደራጁም አንድ ነገር ልንገራችሁ። የቀዘቀዘ አየር ሁሉ ንጹሕ አይደለም።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው አብዛኛው ኤሲ ከውጭ አየር አያስገባም። የክፍሉን አየር ስቦ ያቀዘቅዝና መልሶ ይለቀዋል። ቀዘቀዘልን ብለን መስኮት ስንዘጋ፣ ያስወጣነውን ትንፋሽ መልሰን እንስባለን።

ከዓመታት በፊት አንድ ቢሮ ተጠራሁ። አንዲት ሠራተኛ ከሰዓት በኋላ ራሷን ያማታል፣ ዓይኗን ያቃጥላታል። ሁሉም «ከኮምፒውተሩ ነው» ይሏታል። ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሜ ከሶፍት ቀጭን ቁራጭ ቀደድኩና በጣቴ አንጠለጠልኩት። ቁራጩ ወደ ፊት ዘመም አለ። ትልቁ ፕሪንተር ከኋላዋ ጥጉ ላይ ነው፤ አየር ማስወጫው ደግሞ ከፊቷ ጣሪያው ላይ። ከማሽኑ የሚወጣው ሁሉ እሷን አልፎ ነው የሚሄደው። ያንን ማስወጫ የነደፍኩት እኔ ነበርኩ። ስነድፍ ስንት ሰው እንደሚቀመጥ ጠይቄያለሁ፤ ማሽኑ የት እንደሚቆም ግን አልጠየቅኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሌዘር ፕሪንተር ቶነሩን፣ ማለትም የቀለም ዱቄቱን፣ ወረቀት ላይ የሚያጣብቀው ወደ 200 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚጠጋ ሙቀት ነው። በሙቀቱ የሚተነው ነገር ሲቀዘቅዝ ከ0.1 ማይክሮሜትር ያነሰ ብናኝ ይሆናል። የፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮሜትር ገደማ መሆኑን ስታስቡ ነገሩ ይገባችኋል። ዓይን አያየውም፣ ሳንባ ውስጥ ግን ዘልቆ ይገባል። አንዳንድ የቆዩ ማሽኖች ኦዞን የሚባል ጋዝም ይለቃሉ። ማሽኑ ሁሉ እኩል አይለቅም፤ የሚበዛው ብዙ ገጽ በተከታታይ ሲታተም ነው። ማራገቢያ ብታዞሩበት ደግሞ ብናኙን ለክፍሉ ሁሉ ታካፍሉታላችሁ እንጂ አታጠፉትም።

የካርቦን ዳይኦክሳይድ መለኪያ ካገኛችሁ ተጠቀሙበት። የውጭ አየር ከሚሊዮን የአየር ክፍል 420 ገደማ ያሳያል። ክፍሉ ከ1000 ካለፈ፣ የሰው ትንፋሽ በቶሎ እየወጣ አይደለም ማለት ነው። ግን በዚህ ቁጥር ብቻ እንዳትተማመኑ፤ መለኪያው የፕሪንተርን ብናኝ አያይም። ጥሩ የሄፓ ማጣሪያ፣ ማለትም ደቃቅ ብናኝ የሚያጣራው፣ ብናኙን ይይዛል፣ ጋዙን ግን አይዝም። ለጋዙ የከሰል ማጣሪያ ያስፈልጋል። ከሁሉ በፊት ግን ትይዩ ያሉ ሁለት መስኮቶችን ክፈቱ፤ የውጭው አየር ጭስና አቧራ ካልበዛበት ማለቴ ነው።

እዚያ ቢሮ ፕሪንተሩን ማስወጫው ሥር ወሰድነው። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብንም። የተገዛው ረዘም ያለ የኤሌክትሪክ ገመድ ብቻ ነበር።