ዚዮ ላይ ሰርቪሶች ሲበዙ፦ በኢንቫይሮንመንት ወይስ በኮንስትራክተር?

ሰላም ወንድሜ። በስካላና ዚዮ በሚባለው የስካላ ላይብረሪ የምትሠራው አፕ ላይ ሰርቪሶቹ (እንደ ክፍያና ማሳወቂያ ያሉት የኮዱ ክፍሎች) በዝተውብኛል፣ አንዱ የሚፈልገውን ሌላ ሰርቪስ በዚዮ ኢንቫይሮንመንት (ኮዱ የሚያስፈልገው ታይፑ ላይ በሚዘረዘርበት) ላሳልፍለት ወይስ በኮንስትራክተር (ሰርቪሱ ሲፈጠር በሚቀበለው) ነው ያልከው። በኮንስትራክተር አሳልፈው። ዚሌየርን (ሰርቪሶችን ሠርቶ የሚያገናኘውን የዚዮ መሣሪያ) ፕሮግራሙ በሚጀምርበት ሜይን ላይ ብቻ፣ ሁሉንም አንዴ ለመገጣጠም ተጠቀምበት።

እኛ ስንጀምር ተቃራኒውን ነበር ያደረግነው። እያንዳንዱ ፈንክሽን የሚያስፈልገውን ሁሉ ታይፑ ላይ ይዘረዝር ነበር። መጀመሪያ ላይ ደስ ይላል፤ ታይፑን አይተህ ብቻ ኮዱ ምን ምን እንደሚነካ ታውቃለህ። አንድ ቀን ግን ከታች ያለች፣ ክፍያ የምታረጋግጥ ትንሽ ፈንክሽን ኤስኤምኤስ እንድትልክ ተፈለገ። እሷን የሚጠሩት ሁሉ፣ እነሱን የሚጠሩትም ሁሉ ታይፓቸው መቀየር ነበረበት። የሁለት መስመር ሥራ ግማሽ ቀን በላብን። የክፍያ ሰርቪሱ ኤስኤምኤሱን በኮንስትራክተሩ ቢቀበል ኖሮ ሌላው ኮድ ወሬውንም አይሰማ ነበር። ዚዮ ራሱ 2022 ላይ በወጣው 2.0 ሰዓትንና ኮንሶልን ከኢንቫይሮንመንቱ አውጥቷቸዋል።

ከሁሉ በላይ የምለምንህ ግን ፕሮቫይድን (ሌየሩን ለኮዱ የሚሰጠውን ፈንክሽን) ሪኩዌስት የሚቀበለው ኮድ ውስጥ እንዳትጠራ ነው። እኛ ጋ አንድ ኤንድፖይንት ውስጥ የዳታቤዙ ሌየር እዚያው ተሰጥቶ ነበር። ኮምፓይል አደረገ፣ ቴስቱም አለፈ። ለካ እያንዳንዱ ሪኩዌስት የራሱን ኮኔክሽን ፑል (ተከፍተው የሚጠብቁ የዳታቤዝ ኮኔክሽኖች ስብስብ) እየከፈተ ነው! ፑሉን የሚሠራው ላይብረሪ ሂካሪ፣ ሴቲንጉን ካልነካካኸው፣ አንዱ ፑል 10 ኮኔክሽን ይይዛል፣ ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ደግሞ ካልነካካኸው በጠቅላላ 100 ነው የሚፈቅደው። ስለዚህ አሥር ሰው በአንዴ ሲገባ ዳታቤዙ ሞልቻለሁ ብሎ መመለስ ጀመረ፤ እኛም ቀርፋፋ ኩዌሪ ስንፈልግ አደርን። ሌየሩን ወደ ሜይን ስናወጣው ሁሉም አንዱን ፑል ተጋራ፣ ሰላም ሆነ።

የተጠቃሚ ሰርቪሱ ማሳወቂያውን፣ ማሳወቂያውም የተጠቃሚ ሰርቪሱን ሲፈልግ ኮምፓይለሩ እምቢ ይልሃል። ልክ ነው። እዚህ ላይ ሌየሩን ከመጠምዘዝ በፊት ማሳወቂያው በትክክል ምን እንደሚፈልግ ጠይቅ። የእኛው የሚፈልገው ስልክ ቁጥር ብቻ ነበር። ስለዚህ የተጠቃሚውን አይዲ ተቀብላ ስልኩን የምትመልስ አንዲት ፈንክሽን ለብቻዋ አውጥተን ሰጠነው፣ ክቡ ተበጠሰ። ቴስት ላይም ሙሉ የውሸት ሰርቪስ መጻፍ ቀረልን፤ የአንድ መስመር ላምዳ (ስም የሌላት ፈንክሽን) ይበቃል። ፈንክሽናል ፕሮግራሚንግን የምወደው ለዚህ ነው፤ ሰርቪስ ያልነው ነገር ብዙ ጊዜ አንዲት ፈንክሽን ናት።

ያለህን ኮድ በአንዴ አትገልብጠው። ቶሎ ቶሎ ከምትቀይረው ሰርቪስ ጀምር፣ የእሱን ዲፔንደንሲ ወደ ኮንስትራክተር አምጣና ሌሎቹን ለጊዜው ተዋቸው። ሜይን ላይ አልገጥምም ካለህ የኮምፓይለሩን ኤረር እንዳለ እዚሁ ለጥፈው፣ አየዋለሁ።