አከራዬ በዋይፋይ እየተከታተለኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ የምኖረው በኪራይ ቤት ነው። ኢንተርኔቱ በአከራዬ ስም ስለገባ ራውተሩን ከስልኩ የሚቆጣጠረው እሱ ነው። ሰሞኑን “ሌሊት ሌሊት ምን ስትንጎራደድ ታድራለህ?” አለኝ። ቤቱ ውስጥ ካሜራ የለም፤ ራውተሩ ግን የሰው እንቅስቃሴ እንደሚለይ ደርሼበታለሁ። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ የጠረጠሩት ነገር ሊሆን የሚችል ነው። የዋይፋይ ሞገድ ግድግዳ ያልፋል፤ ሰው ሲንቀሳቀስ ደግሞ ሞገዱ ሰውነቱ ላይ ነጥሮ ስለሚመለስ ተቀባዩ ዘንድ የሚደርሰው ሲግናል ይለዋወጣል። ለውጡን የሚያነብ ፕሮግራም ቤቱ ውስጥ እንቅስቃሴ መኖሩን ይለያል። በተመራማሪዎች ሙከራማ አተነፋፈስ ሳይቀር ተለክቷል።

አከራይዎ ካሜራ አልተከልኩም ቢል አያዋጣውም። እ.ኤ.አ. በ1966 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 17 የግል ሕይወትንና መኖሪያን ከዘፈቀደ ጣልቃ ገብነት ሲጠብቅ፣ በምን መሣሪያ የሚል ገደብ አላስቀመጠም።

እ.ኤ.አ. በ2001 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰነው ጉዳይ ለእርስዎ በጣም ይቀርባል። ፖሊሶች አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ በመብራት ካናቢስ ያበቅላል ብለው ጠረጠሩና መንገድ ላይ መኪና ውስጥ ሆነው የቤቱን ሙቀት በመሣሪያ አነበቡ። መንግሥት የተለካው ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጣ ሙቀት ብቻ ነው ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ ክርክሩን ውድቅ አድርጎ ድርጊቱን ብርበራ ነው አለው። ውሳኔው ፖሊስን እንጂ ግለሰብ አከራይን አይመለከትም፤ በሌላ አገር ያለ ዳኛንም አያስገድድም። አመክንዮው ግን ይጠቅምዎታል፤ ዋናው ጥያቄ ስለ ቤቱ ውስጥ ምን ታወቀ የሚለው ነው።

አከራይዎ የራውተሩ ባለቤት መሆኑም እርስዎን የመከታተል መብት አይሰጠውም። በውሉ ላይ “ኪራዩ ኢንተርኔትን ይጨምራል” የሚል ቃል ቢኖር ክትትልን እንደ መፍቀድ አይቆጠርም። እርስዎ ፈቅደው ቢሆን እንኳ ፈቃድዎ አብሮዎት የሚኖረውን ሰውና እንግዳዎን አያስርም።

የሚያሳስበኝ ማስረጃው ነው። ኮቴዎን ጎረቤት ሰምቶ ነግሮት ሊሆን ይችላልና ያቺ አንዲት ንግግር ብቻዋን አትበቃም። የራውተሩን ሞዴል ፎቶ ያንሱ፤ የተናገረውን ከነቀኑ ይጻፉ፤ መሣሪያውን ግን አይክፈቱት፣ ቅንብሩንም አይነካኩ። ከዚያ የእንቅስቃሴ መለያው በርቶ እንደሆነ፣ መረጃው ለማን እንደሚደርስና የት እንደሚቀመጥ በጽሑፍ ጠይቁት፤ እንዲያጠፋውም ቀን ቆርጠው ይጠይቁት። እምቢ ካለ ወይም ዝም ካለ፣ ውሉንና ደብዳቤውን ይዘው በአገርዎ ወዳለ ጠበቃ፣ የግል መረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን ካለም ወደዚያ ይሂዱ።