«ልጁ አልዞረም» ሲሉሽ ዝም ብለሽ እሺ አትበዪ

ዋሽንግተን አካባቢ 26 ዓመት ኖሬአለሁ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ ገንፎ ያገነፋሁላቸውን አራሶች ግን መቁጠር ትቻለሁ። ስለዚህ በ36ኛው ሳምንት «ልጅሽ በመቀመጫው ነው ያለው» ተብላ እያለቀሰች የምትደውልልኝ ልጅ አዲስ አትሆንብኝም። የሁሉም ጥያቄ አንድ ነው፦ «እትዬ፣ ምን ላድርግ?» ሐኪሙ ምን አለሽ ስላት የሁሉም መልስ ደግሞ አንድ ነው፦ «እንጃ፣ እሺ ብዬ ወጣሁ።»

እኔን የሚያቃጥለኝ ይህ «እሺ» ነው። እስክደርስበት ታገሡኝ።

1. ወረቀት

የጤና መድኅን ካርድሽን፣ መታወቂያሽንና የክትትል ወረቀትሽን በአንድ ቦርሳ አድርገሽ በሩ አጠገብ አስቀምጪ። የደም ዓይነትሽን በቃልሽ ያዢ፤ ኔጋቲቭ ከሆንሽ የምትወጊው መርፌ አለ። ወረቀቱ ይኸው ነው።

2. በመቀመጫው መጣ ማለት

የልጁ ራስ ወደ ላይ፣ መቀመጫው ወደ ታች ነው ማለት ነው። ልጁ አልታመመም፣ አንቺም ያጠፋሽው የለም። ከባድ ዕቃ ስላነሣሽ ወይም ክፉ ዓይን ስላየሽ አይደለም። በ28ኛው ሳምንት ከአራት ወይም ከአምስት ጽንሶች አንዱ ራሱ ወደ ላይ ነው፤ አብዛኞቹ ቦታው ሳይጠብባቸው በራሳቸው ይገለበጣሉ። የመውለጃው ጊዜ ደርሶ ሳይዞሩ የሚቀሩት ከመቶ ሦስት ወይም አራት ናቸው። በሰባተኛው ወር የሰማሽውን ይዘሽ እንቅልፍ አትጪ፤ በ36ኛው ሳምንት የሰማሽውን ደግሞ «ማርያም ታዞረዋለች» ብለሽ አትተኚበት። ማርያም በሽልም ታውጣሽ፣ እኔም እላለሁ። ቀጠሮሽ ሐሙስ ከሆነ ግን ሐሙስ ሂጂ።

እንዴት እንደተቀመጠም ጠይቂ። እግሮቹን ወደ ፊቱ ዘርግቶ በመቀመጫው ብቻ የመጣው፣ እግሩን አጣጥፎ የተቀመጠውና እግሩን ወደ ታች ያወረደው አንድ አይደሉም። በተለይ እግሩን ያወረደ ከሆነ የእንሽርት ውሃው ሲፈስ እትብቱ ከልጁ ቀድሞ ሊወርድ ይችላል። ያኔ የሚጠራው አምቡላንስ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ውሃው ከፈሰሰ ሁለት ሰዓት አልፏት፣ ገላዋን ታጥባ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ፣ ባሏ ከሥራ እስኪመለስ ሶፋ ላይ ስትጠብቅ ያገኘኋት ልጅ አለች። «በሌሊት ሰው እንዳላስቸግር ብዬ ነው» አለችኝ። ይሉኝታ!

3. ያሉት መንገዶች

አንደኛው ማዞር ነው። ብዙውን ጊዜ ከ36ኛው ወይም ከ37ኛው ሳምንት ጀምሮ፣ ሐኪም ቤት ውስጥ፣ ቀዶ ጥገና ክፍል በቅርብ ባለበት ይሠራል። በአልትራሳውንድ ያዩሻል፣ የልጁን የልብ ምት ይከታተላሉ፣ ማሕፀን የሚያላላ መርፌ ይወጉሻል። ከዚያ ሐኪሙ በአንድ እጁ የልጁን መቀመጫ ከዳሌሽ ወደ ላይ እያነሣ፣ በሌላው ራሱን እየገፋ ከውጭ ሆኖ ሊያገላብጠው ይሞክራል። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ያምማል፤ በቃኝ ካልሽ ያቆማሉ። በጥቅሉ ከሁለት ሙከራ አንዱ ይሳካል፤ ከዚህ በፊት ለወለደች ይበልጣል፣ ለመጀመሪያ ልጅ ያንሳል። በሙከራው ምክንያት ወዲያው ወደ ቀዶ ጥገና የሚገቡት ከሁለት መቶ አንዷ አካባቢ ናቸው። የእንግዴ ልጁ የማሕፀኗን በር የዘጋባት፣ ደም የሚፈስሳት ወይም ውሃዋ የፈሰሰ ሴት አይሞከርባትም።

ይህን ከሰፈር ማሸት ጋር የምታምታቱ አላችሁ። ከአገር ቤት የመጣች እናት ቅቤ ቀብታ «እኔ አዞረዋለሁ» ስትል አይሆንም በሉ። ባለሙያው የልብ ምት እያየ የሚያደርገውን እርሷ በእጇ ብቻ ልታደርገው አትችልም፤ እጇን ስመሽ ወደ ገንፎው መልሻት።

ሁለተኛው በ39ኛው ሳምንት አካባቢ በቀጠሮ በቀዶ ጥገና መውለድ ነው። ለዚያኛው ልጅ ጥሩ መንገድ ነው። ጣጣው ለሚቀጥሉት ነው፤ ጠባሳ በተጨመረ ቁጥር የእንግዴ ልጁ ጠባሳው ላይ ተጣብቆ የመብቀሉ አደጋ ይጨምራል። አራት ልጅ እፈልጋለሁ የምትል፣ ወይም ተመልሳ ከሐኪም ቤት ርቃ ልትኖር ያሰበች ሴት ይህን ለሐኪሟ መናገር አለባት። ካልነገረችው ከየት ያውቃል?

ሦስተኛው እንዳለ በማሕፀን መውለድ ነው። በፈረንጆች 2000 የታተመ፣ በ26 አገሮች ከሁለት ሺህ በላይ ሴቶችን ያካተተ ጥናት ቀዶ ጥገና ለልጁ ይሻላል ካለ ወዲህ በየአገሩ ብዙ ሐኪሞች ይህን ትተውታል፤ የሚያውቁት እጆችም አነሱ። በኋላ የአሜሪካ የማሕፀንና ጽንስ ሐኪሞች ማኅበር በ2006 ልምድ ያለው ሐኪም ካለና እናቲቱ በደንብ ከተመረጠች ይቻላል ብሏል። ስለዚህ ጥያቄሽ «ይቻላል?» ሳይሆን «እዚህ ይህን የሚያውቅ ማነው፣ ስንቴስ አዋልዷል?» ይሁን።

4. ያ «እሺ»

በፈረንጆች 2009 ነው። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ከእኛ ሁለት ፎቅ ዝቅ ብላ የምትኖር፣ በዲቪ የመጣች የ24 ዓመት ልጅ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ 37ኛ ሳምንቷ ገብቶ አልዞረም። ባሏ ፈረቃ ላይ ስለነበር እኔ ላስተረጉም ሄድኩ። ኮራ ብዬ ነው የሄድኩት፤ እንግሊዝኛዬ የሚወራለት ነበር።

ሐኪሟ ወረቀት ላይ ክብ ሠራች፣ በውስጡ ልጁን ሣለች፣ በቀስት አዞረችው። አምስት ደቂቃ ያህል ተናገረች። ስንት እንደሚሳካ፣ አደጋው ስንት እንደሆነ፣ ማስቆም እንደምትችል፣ ሁሉንም አለች። እኔ ያስተረጎምኩት ይህን ነው፦ «ሆድሽን በእጃቸው ሊያገላብጡት ይፈልጋሉ። ያምማል፣ ለልጁም አደጋ አለው። እኔ ብሆን አላደርገውም።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ከሐኪሟ አፍ አልወጣችም። የመጀመሪያ ልጄን በቀዶ ጥገና ስለወለድኩና ምንም ስላልሆንኩ፣ ምንም አይደለም ብዬ ነው።

ልጅቷ ሐኪሟን አላየቻትም፣ እኔን አየችኝ። «እትዬ ያሉት ይሁን» አለች። ዞር ብዬ አትፈልግም አልኩ። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን እንደያዘች «ጥያቄ አላት?» ስትል፣ ሳልጠይቃት የላትም ብዬ መለስኩ።

ልጁ በሰላም ተወለደ፣ እልል አልን። ሁለተኛውም በቀዶ ጥገና ሆነ። በሦስተኛው የእንግዴ ልጁ ጠባሳው ውስጥ ገብቶ ነበር። ደም ፈሰሳት፣ ነፍሷን ለማትረፍ ማሕፀኗን አወጡት። 31 ዓመቷ ነበር። ሴት ልጅ ትፈልግ ነበር።

ቢሞከር ይዞር ነበር ብዬ መማል አልችልም፤ አልኩ እኮ፣ ለመጀመሪያ ልጅ ዕድሉ ያንሳል። ግን ዕድሉ የእርሷ ነበር፤ ከአፌ ሳይወጣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ ለማንም አላስተረጎምኩም። እናንተም አታስተርጉሙ፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት እንዲያስተረጉምላችሁም አትጥሩ። የ11 ዓመት ልጁን ስለ እናቱ ማሕፀን እንዲያስተረጉም ያደረገ አባት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ልጁ ጫማውን እያየ ነበር የሚናገረው። ባልሽም ቢሆን የሐኪሙን አሥር ዓረፍተ ነገር «ችግር የለም» ብሎ ያሳጥረዋል፤ ክፋት አይደለም፣ ሊያረጋጋሽ ነው። እየተረጋጋሽ ትፈርሚያለሽ።

የአሜሪካን ሕግ ስሙ። ከ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ፣ በ2010 በወጣው የጤና ሕግም ተጠናክሮ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት የሠለጠነ አስተርጓሚ በነጻ ማቅረብ አለበት። የራስሽን ሰው ይዘሽ ነይ ሊልሽ አይችልም። ዋሽንግተን ዲሲማ በ2004 የራሷን የቋንቋ ሕግ አውጥታ አማርኛን ከተመረጡት ጥቂት ቋንቋዎች ጋር አስገብታዋለች። ይህ ሁሉ ተሠርቶልን እኛ የጎረቤት ሴትዮ እንጠራለን!

«ሐበሻ ነው፣ ወሬዬን ያወጣብኛል» የምትዪውን ትቼ አላልፍም። አስተርጓሚው ብዙ ጊዜ በስልክ ነው፤ ምናልባት ሌላ ስቴት ቤቱ ቁጭ ያለ፣ መልክሽን የማያይ፣ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ያለበት ሰው ነው። እኔ ግን ሰፈርሽ ነኝ። ቋንቋሽ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ ከሆነ ደግሞ መልክሽን አይተው አማርኛ ሲሰጡሽ አትቀበዪ፣ የራስሽን ጠይቂ።

«እንግሊዝኛ እችላለሁ» የምትዪ ደግሞ፣ ባንክና ገበያ ትችያለሽ። እኔ የእንግዴ ልጅን በእንግሊዝኛ የተማርኩት እዚህ በመጣሁ በ12 ዓመቴ ነው፤ አጥብቄ የያዝኩት ግን ያቺ ልጅ ደሟ ሲፈስ ነው።

ፈረንጅ ሐኪም «እሺ» ስትዪው ገብቷታል፣ ተስማምታለች ብሎ ይጽፋል። እኛ ዘንድ እሺ ማለት አክብሬ ሰማሁህ ማለት እንደሆነ ማን ነግሮት?

5. ለባሎች

ቀጠሮው ላይ ሁኑ፣ ዝም በሉ።

6. ከወለድሽ በኋላ

በመቀመጫው የቆየ ልጅ የዳሌው መገጣጠሚያ ሊላላ ስለሚችል፣ ዞሮ ቢወለድም እንኳ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ በአልትራሳውንድ እንዲታይ ጠይቂ። ክርስትናው ይደርሳል።

ያቺ ልጅ አሁንም እትዬ ትለኛለች፣ በየበዓሉ ድፎ ዳቦ ትልክልኛለች። ባለፈው ወር ታናሽ እህቷ በ36 ሳምንቷ አልዞረም ተባለችና «እባክዎ ይምጡልን» ብላ ደወለችልኝ። ሄጄ ጥጉ ላይ ተቀመጥኩ፣ አስተርጓሚ በስልክ ይምጣልን አልኩ። ከስልኩ የጎንደር ልጅ የሚመስል ድምፅ ወጣ፣ የሐኪሙንም ቃል ሳይቀንስ ተናገረ። ታናሽየዋ 11 ጥያቄ ጠየቀች፤ ቆጥሬአለሁ። «ከሁለት መቶ አንድ» ሲል ታላቅየዋ ቀና ብላ አየችኝ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ ሁሉንም ነገርኳት፤ ከ2009 ጀምሮ። መሪውን እንደያዘች መንገዱን እያየች ሰማችኝ።

«አውቃለሁ እትዬ» አለችኝ። «እንግሊዝኛ ከተማርኩ ቆየሁ እኮ። ያኔ የተጻፈውን ወረቀት አንብቤዋለሁ።»