ሶር ሁዋና ለጳጳሱ የጻፈችው መልስ

ልጆቼ፣ በተለይ እናንተ ሴቶቹ፣

ልጅ ሳለሁ አንድ መምህር «ለሴት ልጅ ይሄ ሁሉ ጥያቄ ምን ያደርግላታል?» ብሎ ተማሪ ፊት አስቀመጠኝ። አፌ ተያዘ። መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ራሴ አስተማሪ ከሆንኩ ወዲያ ነው። የሰጠችኝ የ17ኛው ክፍለ ዘመን የሜክሲኮ መነኩሲት ናት፤ ሶር (እህት ማለት ነው) ሁዋና ኢኔስ ዴ ላ ክሩዝ።

መነኩሲት ናትና «እሳቸው» ማለት ይገባኝ ነበር። ግን ከልጅነቷ ስለምጀምር እንደ ልጄ ትሁንልኝ።

በሦስት ዓመቷ እህቷን ተከትላ ሄዳ ፊደል ለየች። ትንሽ ከፍ ስትል እናቷን «የወንድ ልብስ አልብሰሽ ዩኒቨርሲቲ ላኪኝ» ብላ ለመነች። አልሆነም። የአያቷን መጻሕፍት ማገላበጥ ያዘች። ላቲን ስትማር ጸጉሯን ትቆርጥና፣ እስኪያድግ ድረስ ያሰበችውን ካላወቀች መልሳ ትቆርጠው ነበር። ባዶ ጭንቅላት በጸጉር ማጌጥ የለበትም ብላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1669 መነኮሰች። ትዳር አልፈለገችም፣ መጽሐፍ ግን ትፈልግ ነበር።

በ1690 የፑዌብላ (የሜክሲኮ ከተማ ናት) ጳጳስ፣ በአንድ ዝነኛ ሰባኪ ስብከት ላይ የጻፈችውን ትችት አሳተሙ። አብረው «ሶር ፊሎቴያ» በሚል የመነኩሲት ስም ደብዳቤ ጻፉላት። ዓለማዊውን ዕውቀት ተዪና ወደ ቅዱሳት መጻሕፍት ተመለሺ የሚል ነው። እኔን እስካሁን የሚከነክነኝ ይሄ ነው፤ ሴትን ለመገሠጽ የሴት ስም መዋስ።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 1 ቀን 1691 መለሰች። አልተሳደበችም፣ አልሸሸችምም። «ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ» የሚለውን የጳውሎስን ጥቅስ ራሱን ከፈተችው። ቃሉ የሚናገረው በአደባባይ ስለ መስበክ ነው፣ በቤት መማርንና መጻፍን አይከለክልም አለች። ያው ጳውሎስ ለቲቶ ሲጽፍ አሮጊቶች በጎውን ያስተምሩ ይላል። ደግሞስ ያልተማረ ወንድ ቅዱሳት መጻሕፍትን ለምን ይተርጉም? የተማሩ ሴቶች ጠፍተው አባቶች ልጃቸውን ለወንድ አስተማሪ መስጠት ስለሚፈሩ፣ ስንት ልጅ መሃይም ሆና ትቀራለች? ከተማሩ ሴቶች መካከል የእኛዋን ንግሥተ ሳባንም ጠርታለች። እዚያ ገጽ ላይ ስደርስ ደስ አለኝ።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ጥቅስ ሲወረወርባችሁ ጥቅሱን አትፍሩት። ከላይ ከታች አንብቡት። ከወርዋሪው በላይ እወቁት።

የምወድላት ሌላም አለ። አንዲት እመ ምኔት መጽሐፍ ከለከለቻት። ለሦስት ወር ያህል ታዘዘች፣ ማየት ግን አላቆመችም። ወጥ ቤት ገብታ፣ እንቁላል በዘይት ሲጠበስ ለምን እንደሚያያዝ፣ በስኳር ውሃ ውስጥ ለምን እንደሚበታተን ትመራመር ነበር። አርስቶትል ምግብ ቢያበስል ኖሮ ከዚያም የበለጠ በጻፈ ብላለች።

በመጨረሻ መጻሕፍቷን ለቀቀች። በ1695 በወረርሽኝ የታመሙ እህቶቿን ስታስታምም ሞተች። መልሷ የታተመው ከሞተች ከአምስት ዓመት በኋላ ነው።