8 ሰው፣ 32 ባር፦ ስለ ኳድሪል የጠየቃችሁን

ለዚህ ዕትም ከሰሜን ሸዋ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ስለ ጥንቱ የአውሮፓ የአዳራሽ ዳንስ፣ ስለ ኳድሪል፣ የሚጠይቁት በርክተዋልና ዓምዱን ለእነሱ ለቀቅንላቸው። ኳድሪል 4 ጥንዶች በአራት ማዕዘን ፊት ለፊት ቆመው የሚደንሱት፣ 5 ክፍሎች ያሉት የቡድን ዳንስ ነው።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ የትምህርት ቤት ትያትር ክበብ)፦ የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስና ጓዶቹ ወደ ሸዋው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጡበትን ዘመን የሚያሳይ ተውኔት እያዘጋጀን ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት ለንደን ውስጥ፣ ዳንስ አዳራሽ ነው። ዘመኑ 1834 ስለሆነ የ1834 ዳንስ ፈለግን፤ አንዱ ፖልካ፣ ሌላው ላንሰርስ፣ ሌላው ኳድሪል ይላል። የቱን እንያዝ? ያንኑ ዳንስ አንኮበር ቤተ መንግሥት ላይ ብንደግመውስ?

መልስ፦ መጀመሪያ ዓመቱን አስተካክሉ። ሃሪስ ከንጉሡ ጋር ያደረገው ውል አንጎለላ ላይ የተፈረመው በኅዳር 1834 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር 1841 ማለት ነው። በፈረንጅ መዝገብ 1834 ብላችሁ ከፈለጋችሁ የምታገኙት የ7 ዓመት የቆየ ዳንስ ነው። ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፖልካ ይውጣ። ለንደንን ያጥለቀለቀው በ1844 ነው፤ ሃሪስ ያኔ ሸዋን ለቆ ሄዷል። ላንሰርስ አሳሳች ነው፤ በ1817 ደብሊን ላይ ቢወጣም እውነተኛ ፋሽን የሆነው በ1850ዎቹ ነው። የሚቀራችሁ ኳድሪልና፣ እናንተ ያልጠቀሳችሁት የጥንድ ዳንስ፣ ዋልስ ናቸው። ኳድሪል በ1815 ገደማ ከፓሪስ ለንደን ገብቶ በ1841 ከየአዳራሹ አይጠፋም ነበር። በዚያ ላይ 8 ተማሪ በአንድ ጊዜ መድረክ ላይ ያወጣላችኋል፤ ዋልስ ግን የሚያምረው ጥንድ ጥንዱ በደንብ ከሠለጠነ ብቻ ነው።

አንኮበር ላይ አትድገሙት። እንግሊዞቹ ንጉሡ ፊት ኳድሪል ደነሱ ብሎ ማሳየት ፈጠራ ነው፤ ለተመልካቹ ደግሞ ታሪክ መስሎ ይቀራል። አንኮበርን በሆታና በእስክስታ ሙሉት። ሁለቱ ትዕይንቶች ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነታቸው ራሱ ይናገራል።

ጥያቄ (ከአንኮበር፣ የወጣት ማዕከል አሠልጣኝ)፦ የኳድሪልን የመጀመሪያ ክፍል፣ የፓንታሎንን፣ ቅደም ተከተል አገኘሁ። «ቼን አንግሌዝ 8፤ ባላንሴና ቱር ደ ማን 8፤ ቼን ዴ ዳም 8፤ ግማሽ ፕሮምናድ 4፤ ግማሽ ቼን አንግሌዝ 4» ይላል። እንደተጻፈው ስናደርገው ግን ሙዚቃው ግማሽ ሳይደርስ እንጨርሳለን።

መልስ፦ ቁጥሩን እርምጃ አድርገው ቆጥረውት ነው። 8 ማለት 8 ባር ነው፤ ባር ሙዚቃው በእኩል ምት የሚከፈልበት ቁራጭ ነው። ፓንታሎን በ2/4 ሲጫወት በአንድ ባር ውስጥ 2 ምት አለ፤ በእያንዳንዱ ምት አንድ ጊዜ ይረገጣል። ስለዚህ 8 ባር 16 እርምጃ ነው፤ ጠቅላላው 32 ባር ደግሞ 64 እርምጃ።

ልጆቹን ከማስነሣትዎ በፊት ጠረጴዛ ላይ ይጨርሱት። 4 ቆርኪ ለወንዶቹ፣ 4 ባቄላ ለሴቶቹ ያድርጉ፤ ባቄላው ሁልጊዜ ከቆርኪው በስተ ቀኝ ነው። 1ኛው ጥንድ በክፍሉ ራስጌ፣ 2ኛው ፊት ለፊቱ፣ 3ኛው ከ1ኛው በስተ ቀኝ፣ 4ኛው በስተ ግራ ይቆማሉ። መጀመሪያ የሚንቀሳቀሱት 1ኛውና 2ኛው ብቻ ናቸው።

በቼን አንግሌዝ ሁለቱ ጥንዶች ተጠጋግተው እያንዳንዱ ለትይዩው ቀኝ እጁን ይሰጥና በቀኝ ትከሻ ያልፈዋል። ወዲያው ለራሱ አጋር ግራ እጁን ሰጥቶ በግማሽ ይዞራል። ይህ 4 ባር ይፈጃል፤ በቀሩት 4 ባሮች በዚያው አኳኋን ወደ ቦታ መመለስ ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከተሻገረ በኋላ ባለበት ክብ ብሎ ወደ መሐል ፊቱን ያዞራል፤ ያኔ ሴቲቱ በግራው ትቀራለች፣ ቀጥሎ ያለው ሁሉ ይፈርሳል። አጋሮቹ በግራ እጅ ተያይዘው ቦታ መለዋወጥ አለባቸው። ቆርኪና ባቄላው ይህን ወዲያው ያሳብቃሉ፤ ከግማሹ በኋላ ባቄላው በቀኝ ከሌለ መዞሩ ተረስቷል።

ባላንሴ 4 ባር ነው፤ አጋሮች ፊት ለፊት ዞረው ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይረግጣሉ። ቱር ደ ማን 4 ባር ነው፤ ሁለት እጅ ለሁለት እጅ ተያይዘው አንድ ሙሉ ዙር ዞረው ቦታቸው ላይ ይቆማሉ። የቼን ዴ ዳምን፣ ማለትም የሴቶቹን ሰንሰለት፣ ነገር በሚቀጥለው ደብዳቤ ያገኙታል። በግማሽ ፕሮምናድ ጥንዶቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ይሻገራሉ። በመኪና መንገድ እንደሚደረገው ቀኛቸውን ይይዛሉ፤ ወንዶቹ በመሐል በግራ ትከሻ ይተላለፋሉ። በመጨረሻው ግማሽ ቼን አንግሌዝ ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ። 8 ሲደመር 4፣ 4፣ 8፣ 4፣ 4፤ 32 ሞላ። ከዚያ 3ኛውና 4ኛው ጥንድ ያንኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደግሙታል።

ሙዚቃው ሲጀምር 8 ባር መግቢያ አለ። እሱ እጅ መንሻ ነው፤ 4 ባር ለአጋር፣ 4 ባር በሌላው ጎን ላለው ጎረቤት። መግቢያውን የዳንሱ አካል አድርጎ የቆጠረ ቡድን እስከ መጨረሻው 8 ባር ቀድሞ ይሄዳል። ስለዚህ ጠቅላላው 8 ሲደመር 32 ሲደመር 32፣ ማለትም 72 ባር ነው። በደቂቃ 104 ምት ከተጫወተ 1 ደቂቃ ከ23 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል። የእርስዎ ቅጂ ከዚህ በጣም ካጠረ ድግግሞሹ ተቆርጦበታል ማለት ነው።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ፣ መምህርት)፦ ሴቶቹ ሰንሰለት የሚሠሩበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ እንዘገያለን፤ ሁለቱ ሴቶችም መሐል ላይ ይጋጫሉ።

መልስ፦ ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የወንዶቹ ነው። ሴቶቹ በ2 ባር ቀኝ እጅ ተሰጣጥተው ይሻገራሉ፣ በ2 ባር ትይዩው ወንድ በግራ እጁ ተቀብሎ ያዞራቸዋል፤ በቀሩት 4 ባሮች ያው ይደገምና ወደ አጋራቸው ይመለሳሉ። ወንዱ እንደ ችካል ተተክሎ ከጠበቀ ሴቲቱ ዞራው ለመምጣት መንገዱ ይረዝምባታል፤ በ4 እርምጃ አትደርስም። አጋሩ ስትነሣ እሱም ወደ ቀኙ አንድ እርምጃ ተንሸራቶ የለቀቀችውን ቦታ ይያዝ። የምትመጣዋን በግራ እጁ ተቀብሎ አብሯት ወደ ፊት እየተራመደ ይዙር፤ ዙሩ ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ነው። ሲጨርሱ እሷ ከቀኙ ሆና ፊቷ ወደ መሐል መሆን አለበት።

ግጭቱ ከአያያዝ ነው። ልጆቹ እጁን እንደ ሰላምታ ጨብጠው ይይዙና ሳይለቁ ይጎትታሉ። ጣቶች በጣቶች ላይ ያርፋሉ እንጂ አይጨበጥም፤ ትከሻ ለትከሻ ሲደርሱ እጁ በራሱ ይለቃል። ለአንድ ሙሉ ልምምድ ያለ እጅ ያሠሯቸው፣ በትከሻ ብቻ ይተላለፉ። መንገዱን እግራቸው ካወቀው በኋላ እጅ ይጨመር። ትእዛዝ የሚጠራ ሰው ካለ ደግሞ እንቅስቃሴው ሊጀመር 2 ባር ሲቀረው ይጥራ፤ በራሱ ምት ላይ ከጠራ 8ቱም ዘግይተው ይነሣሉ።

ጥያቄ (ከሸዋ ሮቢት)፦ 11 ሴት፣ 3 ወንድ ነን። ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። ወንድና ሴት ማለቱን ትታችሁ «ግራ ቋሚ» እና «ቀኝ ቋሚ» በሉ፤ ግራ ቋሚዎች ክንዳቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰሩ። ጨርቁ ለተመልካች አይደለም፤ በሰንሰለቱ መሐል የሚመጣውን ሰው በአንድ ዓይን ለመለየት ነው። አንድ ሰው በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ቦታ አይልመድ። 14 ስለሆናችሁ የሚተርፉት 6 ተጠባባቂዎች ናቸው፤ እያንዳንዱ የአንድ ሰው ቦታ ብቻ ያጥና።

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን፣ ኪቦርድ ተጫዋች)፦ ልጆቹ 2/4ቱን ሲሰሙ ይደርቃሉ፣ 6/8 ስጫወት ደግሞ ትከሻቸው ይነሣል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ሳቅንም ገባንም። በጭክጭካ ያደገ ጆሮ 6/8ን ሲሰማ ትከሻው አያርፍም። ሦስተኛው ክፍል፣ ፑል፣ በ6/8 ስለሆነ ይህ ጆሮ እንዲያውም ይጠቅማችኋል፤ እያንዳንዱ ባር 2 ትልልቅ ምት እንዳለው ሳይነገራቸው ያውቁታል። ትከሻውን ለማሳረፍ «አትነቅንቁ» ማለት አይሠራም። የታጠፈ ነጠላ በሁለት ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጉና ሳይወድቅ 32 ባር ይራመዱ። ለ2/4ቱ ድርቀት ደግሞ የኪቦርዱን ከበሮ ያጥፉ። የማርች ከበሮ እግራቸውን እንደ ሰልፈኛ ያስመታቸዋል። በግራ እጅ ባስና ኮርድ እያፈራረቁ፣ በቀኝ እጅ ዜማውን ብቻ ይጫወቱ፤ በየ8 ባሩ መጨረሻ የዜማውን ማረፊያ ትንሽ ጎላ ያድርጉት። ዳንሰኛው የሚቆጥረው በእሱ ነው። ልምምድ በደቂቃ በ88 ምት ይጀመር፣ ሰንሰለቱ ሳይሰናከል ሲያልፍ ወደ 104 ከፍ ይበል።

ጥያቄ (ከዚያው ከደብረ ብርሃን)፦ መራመድ ብቻ ይበቃል ወይስ የዘመኑን የእግር አጣጣል እንማር?

መልስ፦ እስከ መድረክ ስንት ሳምንት እንዳላችሁ ይወስነዋል። ኳድሪል በክፍለ ዘመኑ መጀመሪያ በዝላይ እርምጃዎች ይደነስ ነበር፤ እየቆየ ሲሄድ ወደ ተራ አካሄድ ተለወጠ። ስለዚህ ለ1841 ትዕይንት ቀለል ያለ አካሄድ ነውር አይሆንም። የጥንቱን ከፈለጋችሁ የሚያስፈልጉት 3 ናቸው። ቻሴ የኋላው እግር የፊተኛውን እያባረረ ቦታውን የሚነጥቅበት ነው፣ 1 ባር። ዤቴ ከአንድ እግር ወደ ሌላው እግር ትንሽ ዝላይ፤ አሳምብሌ ከአንድ እግር ተነሥቶ በሁለት እግር ተጋጥሞ ማረፍ፤ ሁለቱ ተደምረው 1 ባር። 4 ባር የሚፈጅ መሻገር 3 ቻሴ፣ ከዚያ ዤቴና አሳምብሌ ነው። ወደ ፊት 2 ባር ብቻ ከሆነ 1 ቻሴ፣ ከዚያ ያው።

ዝላዩ ከጣት አንጓ እንጂ ከጉልበት አይነሣ፤ ከመሬት አንድ ጣት ያህል ከፍ ካለ ይበቃል። የሲሚንቶ ወለል አይሰጥምና በዝላይ የሚደረግ ልምምድ ከ20 ደቂቃ አይብለጥ። የጎማ ሶል ጫማ ወለሉን ስለሚይዝ ሰውነት ሲዞር ጉልበት ይጠመዘዛል፤ የቆዳ ሶል ያድርጉ፣ ከሌለ በጫማው ላይ ወፍራም ካልሲ ይሳቡበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከቆላ የሚመጣ ተጋባዥ ዳንሰኛ ካላችሁ ከመድረኩ ቀን ቀደም ብሎ ይግባ፤ 5ቱን ክፍሎች አከታትሎ በቻሴ መደነስ ትንፋሽ ይጨርሳል። ወለሉ ላይ በጠመኔ አራት ማዕዘን አስምሩ፤ በትይዩ ጥንዶች መካከል 3 ሜትር ይበቃል። ከዚያ ከሰፋ ልጆቹ ይሮጣሉ።

ጥያቄ (ከአንኮበር፣ ልብስ ሰፊ)፦ ለሴቶቹ በሽቦ የተወጠረ ሰፊ ቀሚስ ታዘዝኩ። እንዴት ልሥራው?

መልስ፦ ለ1841 ከሆነ አይሥሩት። የብረት ማዕቀፉ የመጣው በ1856 ነው። በ1841 ቀሚሱን የሚያሰፋው በላይ በላይ የሚለበስ የውስጥ ቀሚስ ነበር፤ 3 ወይም 4 ድርብ፣ ጠንካራ ስታርች የተደረገበት አቡጀዲ ይበቃል። ጫፉ ከቁርጭምጭሚት አይውረድ፤ ወደ ኋላ ሲረግጡ ይጠልፋል። ልጆቹ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ በረዥም ቀሚስ ይለማመዱ፤ ከቤት የመጣ የሀበሻ ቀሚስም ያገለግላል። በሱሪ የተለማመደች ልጅ መድረክ ላይ የእርምጃዋ ርዝመት ይጠፋባታል። ለሁሉም ነጭ ጓንት ይጨምሩ።

ጥያቄ (ከመሐል ሜዳ)፦ ሁለት የድሮ መመሪያ አገኘን። በአንዱ በቼን አንግሌዝ እጅ ይሰጣል፣ በሌላው ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። ማንኛውን እንመን?

መልስ፦ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዳንሱ ከአገር አገር፣ ከዓመት ዓመት ይለያያል። የማይሆነው ከሁለቱም እየቀነጨቡ አንድ ማድረግ ነው። የእያንዳንዱን የታተመበትን ዓመትና ከተማ አይታችሁ ለትዕይንታችሁ የሚቀርበውን ምረጡ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእሱ ብቻ ሂዱ። መመሪያው ዝም ያለበት ቦታ ይኖራል፤ ለምሳሌ በየትኛው ትከሻ እንደሚታለፍ አይናገር ይሆናል። ያኔ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከዚህ በፊት የቆመበት እጅ የትኛው ነው? ቀጥሎ የሚያስፈልገው እጅ የትኛው ነው? በተሰጠው ባር ውስጥ የሚያልቀው የትኛው መንገድ ነው? ብዙ ጊዜ ለሦስቱም መልስ የሚሆነው አንድ መንገድ ብቻ ነው። የእናንተን መሙያ በደብተሩ ላይ በሌላ ቀለም ጻፉት፤ ዘንድሮ ከናንተ የሚማረው ልጅ በሚመጣው ዓመት ሲያስተምር የቱ ከመመሪያው፣ የቱ ከመሐል ሜዳ እንደመጣ ይለይ።